የፊልሙ በር ሲንኳኳ ማነው የሚደነግጠው?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለንደን ነው፣ ስራዬ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው፣ ጋዜጣችሁን ደሞ ስልኬ ላይ ነው የማነበው፣ ከሁሉ በፊት የጥበብ ገጹን። ይሄን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የእህቴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ኮሌጅ ፊልም ይማራል፣ መምህራቸው ሁለት ደቂቃ የሚሆን የትሪለር፣ ማለትም የልብ አንጠልጣይ ፊልም፣ መክፈቻ ሰርታችሁ አምጡ ብሏቸው ሰራና በቴሌግራም ላከልኝ፣ «አክስቴ የምር አስተያየትሽን ንገሪኝ፣ እንዳትሸነግይኝ» ብሎ።

ሦስቴ አየሁት። ቀረጻው ንጹህ ነው፣ ልጁ አይን አለው። ማታ ነው፣ የሆነ ሕንፃ ፓርኪንግ ውስጥ ኮፍያ ያለው ጥቁር ሹራብ የለበሰ ሰው ይሄዳል፣ ፊቱ አይታይም፣ እጁ ላይ ቢላ አለ፣ ከሩቅ የፖሊስ ሳይረን ይሰማል፣ ሳይረኑ ግን ከኢንተርኔት የወረደ የአሜሪካ ሳይረን ነው፣ መጨረሻ ላይ የፊልሙ ርዕስ በእንግሊዝኛ ፊደል ደም እየተንጠባጠበበት ይመጣል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፣ ይሄን ማን እንዲያየው ነው የሰራኸው? «ሁሉም ሰው» አለኝ።

እዚች መልስ ላይ ነው ማውራት የፈለግኩት፣ ምክንያቱም እኔም በሱ ዕድሜ ይችኑ ነበር የምመልሰው።

በፈረንጆቹ 2012 እዚህ ከዩኒቨርሲቲ በፊት የሚወሰደው የኤ ሌቭል ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ላይ ሚዲያ ስተዲስ እማር ነበር። ኦሲአር የሚባለው የፈተና ቦርድ ያኔ ከሚሰጣቸው ፕሮጀክቶች አንዱ ይሄው ነው፣ የአንድ አዲስ ፊልም መክፈቻ ከነታይትሉ፣ ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ። ከዛ በፊት ማሟሟቂያ አለ፣ አንድ ሰው በር ከፍቶ ይገባል፣ ክፍሉን አቋርጦ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ፊት ለፊቱ ካለው ሰው ጋር ሁለት ቃል ይለዋወጣል፣ እሱን ተመልካች ቆረጣው፣ ማለትም ከአንዱ ቀረጻ ወደ ሌላው የተቀየረበት ቦታ፣ ሳይታወቀው እንዲያይ አድርገህ መቅረጽ ትማራለህ። ማርኩ ያኔ ከመቶ ነበር፣ 20 ለዝግጅቱ፣ 60 ለፊልሙ፣ 20 ደሞ ጨርሰህ ለምትመልሳቸው ሰባት ጥያቄዎች። ከሰባቱ አንዱ ተመልካችህ ማነው ይላል፣ ሌላው ደሞ ያንን ተመልካች እንዴት ሳብከው ይላል።

ክፍላችን ውስጥ ሁሉም ማለት ይቻላል «ከ15 እስከ 24 ዓመት፣ ወንድም ሴትም» ብሎ ነው የጻፈው። እዚህ 15 የሚል ምልክት የተሰጠው ፊልም ላይ ሲኒማ ቤቱ ከዛ በታች ያለ ልጅ አያስገባም፣ ብዙ ትሪለር ደሞ 15 ነው የሚሰጠው፣ ቁጥሩን ከዛ ወሰድንና ለጠፍነው። መጠይቅ በተንን፣ ቆጠርን፣ በቀለም ግራፍ ሰራን። ዕድሜና ፆታ አወቅን፣ ሰውየው ምን እንደሚያስፈራው ግን አንድ ሰው እንኳን አልጠየቀም።

የኔ መክፈቻ እንዲህ ነበር። አንዲት ልጅ ማታ ብቻዋን ቤት ናት፣ የቀረጽኩት እኛው ቤት ነው፣ ካውንስል፣ ማለትም የአካባቢው መስተዳድር፣ የሰጠን ፎቅ ላይ። ሻይ ትቀዳለች፣ ሬዲዮ ተከፍቷል። በሩ ሦስቴ ይንኳኳል። ሬዲዮውን ትዘጋለች። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ በሩ ይጠጋል፣ በበሩ ስር በምትገባው ብርሃን ላይ የሁለት እግር ጥላ ቆሟል። ደግሞ ይንኳኳል። ጨለማ፣ ርዕስ።

ለክፍሌ ልጆች ሳሳይ አንዱ «ፒዛ ነው?» አለ፣ ሌሎቹም ምንም አልተፈጠረም እኮ አሉ። አልፈርድባቸውም፣ እነሱ ጋ ማታ በር ሲንኳኳ ወይ ጎረቤት ነው ወይ የታዘዘ ምግብ ነው።

ማታ ቤት ስገባ ለእማዬ አሳየኋት። ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጌላት አጠገቧ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ «ይሄ ኩባያ የኛ አይደል እንዴ» እያለች ፈገግ ትል ነበር። በሩ ሲንኳኳ ዝም አለች። ሁለተኛው ሲመጣ ላፕቶፑን ቀስ አድርጋ ከደነችው፣ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች፣ ቧንቧ ከፈተች፣ የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም። ስትመለስ «ማን ነገረሽ?» አለችኝ። ማንም አልነገረኝም፣ ምኑን እንደሆነም አልገባኝም።

በ1969 ዓ.ም ሰዎች በሌሊት መጥተው ስለወሰዱት አጎቴ የሰማሁት ያን ማታ ነው፣ 17 ዓመቴ ላይ። ቀይ ሽብር፣ አሰሳ፣ ሰዓት እላፊ የሚባሉትን ቃላት ትልልቆቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፣ ግን እኛ ቤት ገብተው እንደወጡ አላውቅም ነበር። እማዬ ያኔ የ16 ዓመት ልጅ ናት። ከነገረችኝ ሁሉ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለው ስለ በሩ ያለችው ነው። «በር ሲንኳኳማ አለቀ እኮ ልጄ፣ የሚያስፈራው ከዛ በፊት ያለው ነው። መኪና ይመጣና ይቆማል፣ ሞተሩን ግን አያጠፋም። ካላጠፋ ሰው ይዞ ሊሄድ ነው፣ ከኛ ቤት ይሁን ከጎረቤት አታውቂም፣ ትንፋሽሽን ውጠሽ ታዳምጫለሽ።»

በማግስቱ ትምህርት ቤት ኤዲቲንግ ክፍል ገባሁና የመጀመሪያውን ማንኳኳት አወጣሁት። በሱ ቦታ ውጪ መኪና ሲቆም አስገባሁ፣ ሞተሩ አይጠፋም፣ ሃያ ሰከንድ ሙሉ አይጠፋም፣ የጎረቤታችንን አሮጌ መኪና ለምኜ ነው ድምፁን የቀረጽኩት። ልጅቷ ኩባያውን አፏ ድረስ ወስዳ ትቆማለች፣ አትጠጣም። የክፍሌ ልጆች በዚህኛው ፀጥ አሉ፣ አንዷ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ «ለምንድነው መኪናው የማይሄደው?» አለች። ደርግ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም፣ ግን የእናቴ ጭንቀት ሳይበረዝ ሲደርሳት ገባት፣ ከ15 እስከ 24 ለሚለው ቁጥር ስሰራው ግን ማንም ጋ አልደረሰም ነበር።

እማዬን ሁለተኛውን አላሳየኋትም። ይቺን በደንብ ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ተመልካችን ማሰብ ሲባል እንዴት ላስፈራው ብቻ አይደለም። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የተማሪ ፊልም የሚታይበት አዳራሽ ውስጥ ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ጦርነት ካለፈበት ቦታ የመጣ ልጅ ሊኖር ይችላል፣ ወንድሙን ያጣ፣ ቤቱ የተቃጠለበት። ፊልምህን በተኩስ ስትከፍተው ለአንዱ ማጀቢያ ነው፣ ለሱ ግን ቀንና ሰዓት ያለው ነገር ነው። አትንኩት እያልኩ አይደለም፣ እኔ ራሴ ነክቼዋለሁ፣ ግን ማን ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አውቆ መስራትና ከመጀመሩ በፊት ሁለት መስመር ማስጠንቀቂያ መጻፍ ምንም አያስከፍልም፣ ሰውየው መውጣት ከፈለገ ይወጣል።

በትሪለር ፊልሞቹ የሚታወቀው ዳይሬክተር ሂችኮክ የታወቀች ምሳሌ አለችው፣ የፊልም ተማሪ ሁሉ ይማራታል። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲያወሩ ድንገት ቦምብ ቢፈነዳ ተመልካቹ የሚደነግጠው ለ15 ሰከንድ ነው፣ ቦምቡ ጠረጴዛው ስር እንዳለ ቀድሞ ካወቀ ግን 15 ደቂቃ ሙሉ ይጨነቃል። እሺ፣ ግን ቦምቡ እንደየሰፈሩ እኮ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ቀድሞ የሚያውቀው ምንድነው? ማታ ቤትህ ስትደርስ ዘበኛው ከውስጥ «ማነው?» ይላል፣ ሁሌ ይላል። አንድ ማታ ባይልስ? የቆርቆሮው በር ገርበብ ብሏል፣ ትንሿ ሬዲዮ እያወራች ነው፣ ጋቢው ወንበሩ ላይ አለ፣ ሰውየው የለም። ይሄ ቢላም ሳይረንም አይፈልግም፣ ለማንም ማስረዳት አይፈልግም። መብራትም እንደዛው ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ ከጠፋ ማንም አይደነግጥም፣ ሻማ ይፈለጋል፣ አለቀ። ግን ፍሪጁ ድምፁን ሲያቆም ልጅቷ በመስኮት ብታይና የጎረቤት መብራት እየበራ ቢሆንስ? የጠፋው የሷ ብቻ ነው፣ ቆጣሪው ደሞ ያለው ውጪ ግድግዳው ላይ ነው፣ ቆጣሪው ጋ ሰው ቆሞ ይሆን? ይሄን ለክፍሌ ልጆች ላስረዳ ብል አንድ ገጽ ያስፈልገኛል፣ መገናኛ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው ግን አንድ ሾት ይበቃዋል፣ እንዲህ አይነት ሀብት እጃቸው ላይ እያለ ልጆቻችን አይተውት የማያውቁትን አገር ፍርሃት ሲቀዱ ያሳዝነኛል።

ሌላው ሰው ፊልሙን በምን ያየዋል የሚለው ነው። ብዙ የአማርኛ ፊልም አሁን የሚታየው ዩቲዩብ ላይ፣ በስልክ፣ ብዙ ጊዜም በጫጫታ መሀል ነው። የእህቴ ልጅ ከስር የሚያጉረመርም ወፍራም ሳውንድ አስገብቷል፣ በሄድፎን ነው የሰራው፣ እኔ በስልኬ ስፒከር ስከፍተው ጭራሽ የለም፣ ትንሽ ስፒከር እንደዛ አይነት ወፍራም ድምፅ አያወጣም። ጨለማውም መስኮት አጠገብ ሆኜ ሳየው የራሴን ፊት ነው ያየሁበት። ሲኒማ ቤት ቢሆን ሁለቱም ይሰሩ ነበር። ስለዚህ ወይ ለሲኒማ ነው ብሎ መወሰን ወይ ስልክ ላይ የሚሰማ ቀጭን ድምፅ መምረጥ፣ የቁልፍ ኳኳታ፣ የቆርቆሮ መንቀጫቀጭ፣ የሰው ትንፋሽ። ርዕሱ በኛ ፊደል ይሁን ያልኩትን ወዲያው ተቀብሎኛል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ፊልም የምታስተምሩ መምህራን ይሄን ካነበባችሁ፣ ተማሪው ስራውን ከማስረከቡ በፊት በዕድሜም በኑሮም ለማይመስሉት ሦስት ሰዎች ያሳይ፣ ሲያሳይ ደሞ ስክሪኑን ሳይሆን የሰዎቹን ፊት ይይ፣ የት ላይ ስልካቸውን እንደነኩ፣ የት ላይ ማውራት እንዳቆሙ ይጻፍ። እኔ ከቀለም ግራፉ ምንም አላገኘሁም፣ እናቴ ላፕቶፑን ከከደነችበት ሰከንድ ግን እስከዛሬ የምሰራበትን ነገር አግኝቻለሁ።

እናንተን ደሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ በጥበብ ገጻችሁ ላይ አንባቢዎችን «ማታ ምን ድምፅ ስትሰሙ ነው ቀጥ የምትሉት?» ብላችሁ ጠይቁልን። ከጎንደር፣ ከድሬዳዋ፣ ከአዋሳ፣ ከጅዳ፣ ከቴል አቪቭ የሚመጣው መልስ አንድ አይነት አይሆንም፣ እንደ እህቴ ልጅ ላለ ተማሪ ደሞ ይሄ ከየትም የማያገኘው ነገር ነው።

እሱ አሁን ፓርኪንጉን ትቶት አዲስ ስክሪፕት ጽፏል፣ ማታ ግቢ ውስጥ ድምፅ ሰምቶ ባትሪ አብርቶ ስለሚወጣ ዘበኛ። እንደነገርኩት መጀመሪያ ያሳየው ለኮንዶሚኒየማቸው ጥበቃ ነው፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በስልኩ ላይ ሁለቴ አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ አለኝ። «ልጄ፣ እኔ ድምፅ ስሰማ ባትሪ አላበራም» አሉት፣ «ካበራሁማ እሱ ያየኛል፣ እኔ አላየውም። አጠፋና ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ።» ቅዳሜ ማታ እንደገና ሊቀርጸው ነው፣ ባትሪው ጠፍቶ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከለንደን