ትልልቆቹ ያስተምሩ እንጂ አይዳኙ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣
ድሬዳዋ

ከፍ ያሉ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን ስለ ጉልበተኝነት ያስተምሩ የሚለውን ሐሳብ የትምህርት ቤት ክበባትን የምናስተባብር መምህራን እንደግፈዋለን። ሥጋታችን ሌላ ነው። ካልተጠነቀቁለት እንዲህ ያለው ክበብ ወር ሳይሞላው ዱላ ይዞ በረንዳ ላይ የሚንጎራደድ፣ የረባሽ ስም የሚመዘግብ «ሥርዓት አስከባሪ» ይሆናል። ያኔ ለ2ኛ ክፍሉ ልጅ የሚፈራው ሰው ተጨመረለት እንጂ አልተቀነሰለትም።

ማሪያ ቶፊና ዴቪድ ፋሪንግተን የተባሉ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት በትምህርት ቤት ጉልበተኝነትን ለመቀነስ የተሠራባቸውን 44 ፕሮግራሞች መርምረው ነበር። በጥቅሉ ጥቃት ማድረስ ከ20 እስከ 23 በመቶ፣ ጥቃት የሚደርስባቸው ልጆች ቁጥርም ከ17 እስከ 20 በመቶ ቀንሷል። ሥራውን ለተማሪዎቹ ለራሳቸው የሰጡት ፕሮግራሞች፣ የእርስ በርስ ሽምግልናን ጨምሮ፣ ከተጠቂዎች መጨመር ጋር ተያይዘው ተገኙ። ለእኛ ይህ አያስገርምም። ሽምግልና የሚሠራው ሁለቱ ወገኖች ሲመጣጠኑ ነው። «በሉ ታረቁ፣ ተጨባበጡ» ተብሎ የተሸኘ ትንሽ ልጅ በሩ ላይ የሚጠብቀው «ቆይ ስንለቀቅ!» የሚለው ዛቻ ነው። ስለዚህ ትልልቆቹ ያስተምሩ፤ ነገር ሲፈጠር የሚዳኘው ግን መምህር ይሁን።

ብዙ ጊዜ ስህተቱ የሚጀምረው ከምርጫው ነው። ወይ የደረጃ ተማሪዎችን እንሰበስባለን፣ ወይ «አደብ ይገዛል» ብለን ዋናውን ነገረኛ አለቃ እናደርገዋለን። የሚሻለው የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ ጠርቶ «ከትልልቆቹ የማትፈራው ማንን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ተደጋግሞ የሚነሳው ስም መምህራን ያላሰቡት ሊሆን ይችላል። አስተማሪዎቹ ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል ቢሆኑ ይመረጣል፤ የ5ኛ ክፍሉ ለ3ኛ ክፍሉ ገና የኳስ ሜዳ ተቀናቃኝ ነው። 60 ልጅ ላለበት ክፍል 8 ይበቃሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ቢቻል አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ 15 ልጆች ይይዛሉ። ከዚያ ከበለጠ ከኋላ ያሉት ላጲስ መወራወር ይጀምራሉ።

የትልልቆቹ ሥልጠና ሦስት ቅዳሜ፣ በየቅዳሜው ሁለት ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው። ለትንንሾቹ ደግሞ በሳምንት አንዴ፣ ለአራት ሳምንት፣ 25 ደቂቃ ይበቃል፤ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ የቀረው ቡድን በመክፈልና ወደ ክፍል በመመለስ ያልቃል። በድሬ ሙቀት የሚያዋጣው ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ነው። አስተማሪዎቹ ከልጆቹ ጋር በአንድ ፈረቃ፣ በአንድ የትምህርት ቋንቋም ይሁኑ። በሶማሊኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ለሚማር ልጅ በአማርኛ ስለ ስድብ ማስተማር ግማሹን ማስቀረት ነው፤ ሰው የሚቆስለው በሚያውቀው ቋንቋ ነውና።

በትንንሾቹ ትምህርት የመጀመሪያ ቀን ሦስት ጥያቄዎች ይሰጣሉ። ሆን ተብሎ ነው? ይደጋገማል? የተበደለው ልጅ ራሱን መከላከል ያቅተዋል? ሦስቱም «አዎ» ከሆኑ ጉልበተኝነት ነው፤ አንድ ቀን ኳስ ላይ መደባደብ ሌላ ነገር ነው። ቅጽል ስም ላይ ግን ጠበቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ከተማችን ስም ማውጣት ትወዳለችና። «እየሳቀ ነው እኮ» የሚለው መልስ አይሠራም፤ የተሸማቀቀ ልጅም ይስቃል። የሚሻለው መለኪያ «እናቱ ፊት በዚህ ስም ብትጠራው ደስ ይለዋል?» የሚለው ነው።

በሁለተኛው ቀን ስለ ተመልካቹ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የካናዳ ጥናት ልጆች ሜዳ ላይ በቪዲዮ ተቀርጸው ሲታዩ፣ ሌሎች ልጆች ጣልቃ የገቡት በ19 በመቶው ጥቃት ብቻ ነበር። ጣልቃ ሲገቡ ግን ከግማሽ በሚበልጠው ጊዜ ነገሩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። የ8 ዓመት ልጅ ጉልበተኛውን ይጋፈጥ አይባልም። አለመሳቅ፣ የተበደለውን እጁን ይዞ «ና፣ ውሃ እንጠጣ» ብሎ መውሰድ ይበቃል። «ቲቸር ትፈልግሃለች» የሚለውም ይሠራል፣ ግን ልጆችን ውሸት ስለሚያለማምድ አንመክረውም።

ሰርቶ ማሳየት ላይ የሚበላሸው ብዙ ነው። ጉልበተኛውን ሁልጊዜ ትልቁ ተማሪ ይጫወተው፤ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ፤ እጅ ከመሰንዘሩ በፊት ይቁም። በግቢው ውስጥ ያለ እውነተኛ ቅጽል ስም ከተነሳ ደግሞ በማግስቱ መላው ክፍል ያንን ስም ይዞ ይመጣል። «አንተ ጣሳ» የመሰለ የፈጠራ ስድብ ይብቃ።

በሦስተኛው ቀን «አሳባቂ» የሚለው ቃል ይፈታል። ማሳበቅና ማሳወቅ በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ «ማሳበቅ»ን ሰሌዳ ላይ ጽፎ «በ»ን በ«ወ» መተካት ለልጆቹ ይጥማቸዋል። የሚያሳብቀው ሌላው እንዲቀጣ ይፈልጋል፤ የሚያሳውቀው አንድ ልጅ እንዲተርፍ። ትልልቆቹም «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡ። የአካል ጉዳት፣ ገላን መነካካትና ቤት ውስጥ የሚደርስ ድብደባ በዚያው ቀን አስቀድመው ለተመደቡ አንዲት መምህርትና አንድ መምህር ይነገሩ። ስም የተጻፈበት ደብተር ይዞ መዞር ክልክል ነው፤ የጠፋ ቀን ጉዱ ይፈላል።

በአራተኛው ቀን የግቢው ካርታ መሬት ላይ በኖራ ይሣላል፤ በሩ፣ ቧንቧው፣ ሽንት ቤቱ፣ ከክፍሎቹ ጀርባ ያለው መተላለፊያ። እያንዳንዱ ልጅ 3 ጠጠር ይዞ በሚፈራበት ቦታ ላይ ያስቀምጣል። በቡድን ከለቀቋቸው ሁሉም የመጀመሪያው ልጅ ያስቀመጠበት ላይ ይደረድራሉ፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ይግቡ፣ የተቀመጠውም በየጊዜው ተቆጥሮ ይነሳ። ቆጠራው በዚያው ሳምንት ለርዕሰ መምህሩ ይድረስ። ጠጠሩ ሽንት ቤቱ ላይ ከበዛ በእረፍት ሰዓት መምህር እዚያ ይቁም፤ በሩ ላይ ከበዛ የጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ ሲገባ ይቁም። ሳምንት አልፎ ምንም ካልተለወጠ ልጆቹ ሁለተኛ ጠጠር አያስቀምጡም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ሰልፍ ላይ ጎማ ይዞ የሚቆም መምህር ባለበት ግቢ ግን ይህን ሁሉ ከመጀመር በፊት ጎማውን ማስቀመጥ ይቀድማል።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤት ክበባት አስተባባሪ መምህራን፣ ከድሬዳዋ