ሁለት ሦስተኛው የት ገባ?

ለአዘጋጁ፦

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ዋትን (ኤሌክትሪክ በምን ፍጥነት እንደሚመነጭ) እና ዋት-ሰዓትን (በጊዜ ውስጥ በድምሩ ስንት እንደመነጨ) እያምታቱ አስቸግረውኝ ነበር። ዘንድሮ መጽሐፉን ዘጋሁና የሕዳሴ ግድብን አቅም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ 5,150 ሜጋዋት። «ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢሠራስ?» አልኳቸው። በ8,760 ሰዓት አባዙት። 45,000 ጊጋዋት-ሰዓት ገደማ መጣ (አንድ ጊጋ ሺህ ሜጋ ነው)። በዓመት የሚጠበቀው ግን 15,700 አካባቢ ነው።

«ቲቸር፣ ሁለት ሦስተኛው የት ገባ?»

ክፍሉ ተንጫጫ። የዓባይ የክረምትና የበጋ ውኃ ልዩነት፣ ማታ ማታ የሚጨምረው ፍጆታ፣ ሁሉም ተነሣ። ደወሉን የሰማ የለም።

ችግሬ መረጃ ነው። ቁጥር የምለቅመው ከዜና ነው፤ እዚያም አንዳንዴ ሜጋዋቱ ከጊጋዋት-ሰዓቱ ተደበላልቆ (እንደ ተማሪዎቼ!)። የሚመለከታቸው ክፍሎች የየግድቡን ምርት በየወሩ በሠንጠረዥ ቢለቁልን ምን አለበት?

የፊዚክስ መምህር፣ ከአዲስ አበባ