የምርምር ማዕከሉ ቁልፍ እኔ ጋ ነው

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ሕግ አልተማርኩም፤ የቱ ጽሑፍ እንደሚነበብና የቱ አቧራ እንደሚጠጣ ግን ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ትምህርት ቤታችን ሦስት የምርምር ማዕከላት አሉት። የራሳቸው ሠራተኛ ስለሌላቸው የሦስቱም ቁልፍ ያለው በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። እንግዳ ሲመጣ እከፍታለሁ፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ መልሼ እዘጋለሁ። ሰሞኑን አራተኛ ማዕከል ሊቋቋም ነው ሲባል ሰማሁ። መሳቢያዬ ጠባብ መሆኑን የነገርኩት ሰው ሳቀብኝ።

መምህራኑ አይመራመሩም ማለቴ አይደለም። ለማን እንደሚጽፉ ነው ግራ የገባኝ። ባለፈው ክረምት፣ ፍርድ ቤቶች ለእረፍት ተዘግተው ሳለ፣ አንድ የወረዳ ዳኛ ወደ እኛ መጣ። የቸገረው የቤት ሽያጭ ውል ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2877 ውሉ በጽሑፍ ይሁን ብሎ ያበቃል፤ ቁጥር 1723 ግን ጽሑፉ ብቻውን አይበቃም፣ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ይቅረብ ይላል። በመጨረሻ ፍርድ ላይ የታየን መሠረታዊ የሕግ ስሕተት የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ሰሚ ችሎትም በነገሩ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ተመላልሶበታል። ከ1997ቱ ዐዋጅ ቁጥር 454 ወዲህ ደግሞ አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል፤ በኋላ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይህን አልለወጠም። ዳኛው «አላየሁም» ብሎ ማለፍ አይችልም።

በዚሁ ጉዳይ የተጻፉ አራት የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፎች አወጣሁለት፤ አራቱም በእንግሊዝኛ ናቸው። የአንዱን የውሰት ካርድ ሳገላብጥ ሁለት ቀን ብቻ ተመዝግቦበታል፤ ሁለቱም ጊዜ የተዋሰው ያንኑ ርእስ መልሶ የጻፈ ተማሪ ነው። ዳኛው እንግሊዝኛ አያቅተውም። ቢሆንም ግማሽ ቀን ተቀምጦ ሲያነብ ቆየና «እኔ የምፈርደው በአማርኛ ነው፤ ይህን በፍርዴ ላይ እንዴት አድርጌ ልጥቀሰው?» አለኝ።

ከዚያው መደርደሪያ ጥግ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ያሳተመው የኢትዮጵያ የሕግ መጽሔት አለ። የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣ ነበር። ገጾቹ ከመገለጥ ብዛት ተላቀው ሁለት ጊዜ በክር ሰፍቻቸዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት መምህር ከተማሪዎቹ ጋር የሰበር ውሳኔዎችን በየርእሱ ለይቶ በአማርኛ ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጅቶ ነበር። ሠላሳ ቅጂ አባዝተን በሳምንቱ አንድም አልቀረም፤ ጠበቆች ሳይቀሩ መጥተው ወሰዱ። ለደረጃ ዕድገት ሲያቀርበው ግን «በታወቀ መጽሔት ላይ አልወጣም» ተብሎ ሳይቆጠርለት ቀረ። ልጁም ተማረ። አሁን የሚጽፈው በእንግሊዝኛ፣ ለውጭ መጽሔት ነው፤ እኔ ብሆንም የማደርገው ያንኑ ነው።

አራተኛው ማዕከል ይቆይ። ከሦስቱ ክፍሎች በአንዱ የማስተማር ጫና የተቀነሰለት አንድ ሰው ይቀመጥ፤ የሰበር ውሳኔዎች የታተሙባቸው ቅጾች አጠገቡ ይደርደሩለት፤ በአማርኛ የሚያዘጋጀውም ለዕድገቱ ይቆጠርለት። ቁልፉን ዛሬውኑ አስረክባለሁ።

ያ ዳኛ ሲሄድ ስልክ ቁጥሩን በመዝገቤ ላይ ጽፎ «በአማርኛ የሆነ ነገር ከመጣ ደውዪልኝ» ብሎኝ ነበር። እስካሁን አልደወልኩለትም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ