እርዳታው አለ፣ የሚያገናኘው ጠፋ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጅማ ውስጥ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን የሚረዳ የለም ማለት ይከብዳል። እድሩ ያዋጣል። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም በየፊናቸው ይሰጣሉ። ወጣቶቹ ክረምት ላይ ቤት ያድሳሉ። ችግሩ አንዱ የሌላውን አለማወቁ ነው።

የሰፈራችን አንዲት እናት በስኳር ሕመም እግራቸው ከተቆረጠ ወዲህ የሚንቀሳቀሱት በዊልቸር ነው። ዊልቸሩን በጎ አድራጊ ሰጣቸው። የሚገፋላቸውን ግን ማንም አላሰበም። ከበራቸው እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ደግሞ፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ጭቃ ነው። ዊልቸሩ ከተሳፋሪ ጋር ባጃጅ ውስጥ ስለማይገባ ኮንትራት ይይዛሉ። በዚህ ሁሉ ላይ ለአንዲት ፊርማ «ራስዎ ይምጡ» ተባሉ!

ሕጉማ ሞልቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። የሕንፃ አዋጁም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ይላል።

በየቀበሌው አንድ የጋራ መዝገብና ስልክ የሚያነሳ አንድ ተጠሪ ቢኖር ብዙ ነገር ይቀላል። ማን ቤት ማን ታሞ እንደተኛ የእድር ዳኞችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያውቃሉ፤ ከእነሱ ይጀመር። መድኃኒት የሚያመጣለት የሚፈልገውና ውሃ የሚቀዳለት የሚፈልገው ተለይቶ ይጻፍ። ለበዓል ዘይትና ዱቄት ሰጥቶ ፎቶ መነሳት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰልችቶናል። አካል ጉዳተኞቹም ኮሚቴው ውስጥ ይግቡ። ቀበሌዎቹ ከመጪው ክረምት በፊት እድሮቹን ጠርተው ቢያነጋግሩስ?

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእድር አባል፣ ከጅማ