ቶርክ አርም ካምቢዮ ላይ ይታሰር ወይስ አይታሰር? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልን ውድ ደንበኞቻችን። እንደምን ሰነበታችሁ? ሥራው፣ ጤናው፣ መኪናው ሁሉ ደህና ነው?

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው አንድ ጥያቄ ስለበዛብን ነው። በስልክም፣ በጋራዡ በርም፣ ቡና ላይም ያው ነው። «ቶርክ አርሙን ካምቢዮው ላይ ብታስሩት ይችለዋል ወይ?» ትሉናላችሁ። በተለይ ዲኤክስ ላይ ትልቅ ሞተር ያስገባችሁ ልጆች። ጥያቄው ጥሩ ነው። እኛም በዚህ ነገር ተሳስተን ስለተማርን፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ከመመለስ ለሁላችሁም አንድ ላይ መናገር ይሻላል ብለን ነው።

መልሱን እናስቀድም። ክንዱ፣ ማለትም ቶርክ አርሙ፣ ራሱ ይችላል። የሚሰበረው የታሰረበት ቦታ ነው። ሞተሩ የፋብሪካው ከሆነ፣ ጎማውም ተራ ከሆነ፣ በደንብ እስከተሠራ ድረስ ካምቢዮ ላይ ቢታሰር ችግር የለውም። ሞተር የተቀየረበት፣ ተርቦ (ሞተሩ ውስጥ አየር የሚያጭቅ መሣሪያ) የገባበት ወይም አስፋልቱን ነክሶ የሚይዝ ጎማ ያጠለቀ መኪና ከሆነ ግን ካምቢዮ ላይ አናስርም። ብትለምኑንም አናስርም።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ የክንዱን ሥራ እንይ። ነዳጅ ስትሰጡ ዲፍረንሻሉ ውስጥ ትንሹ ጥርስ፣ ፒኞኑ፣ ትልቁን ጥርስ፣ ኮሮናውን፣ ያዞራል፣ ኮሮናው ደግሞ ጎማውን። ጎማው ወደ ፊት ሲዞር የዲፍረንሻሉ ቤት በተቃራኒው መዞር ይፈልጋል፤ አፍንጫው ቀና ይላል። የሚይዘው ነገር ካጣ ተገልብጦ ከካምቢዮ የሚመጣውን ዘንግና መጋጠሚያውን ክሮቼራ ይጨርሳል። ቶርክ አርም ማለት ይህን ግልበጣ የሚይዝ ረጅም ብረት ነው፤ ኋላው ዲፍረንሻሉ ላይ በቡሎን ጥርቅም ብሎ ይታሰራል፣ ፊቱ መኪናው መሀል ላይ ያርፋል። ገበሬ ቤት ያደጋችሁ ሞፈር ብላችሁ አስቡት። ሞፈሩ ጠንካራ ነው። ጥያቄው ቀንበሩ ይችላል ወይ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ጀነራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 2002 በሠራቸው ካማሮና ፋየርበርድ መኪኖች ላይ ክንዱን የካምቢዮው ጅራት (የኋላ ጫፉ) ላይ ነው ያሳረፈው። የ1998ቱን ካማሮ ዚ28፣ ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋሉን ውሰዱ። ሞተሩ 454 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። አንደኛ ማርሽ 2.66 ጊዜ ያበዛዋል፣ ዲፍረንሻሉ 3.42 ጊዜ። ሲባዛ 4,130 ገደማ ይመጣል። ክንዱ ለሒሳብ ያህል 1.5 ሜትር ይሁንና እናካፍለው፤ 2,750 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 280 ኪሎ። ሦስት ኩንታል ጤፍ ሊሞላ 20 ኪሎ የቀረው ማለት ነው። ጎማው ሳይንሸራተት ከያዘ ይህ ሁሉ የካምቢዮውን ጅራት ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። ጅራቱ ደግሞ አልሙኒየም ነው፣ የተሠራውም ዘንግ ሊይዝና ዘይት እንዳይፈስ ሊያደርግ እንጂ ሸክም ሊሸከም አይደለም።

ታዲያ ካማሮው እንዴት ሃያ ዓመት ሄደ? ትሉ ይሆናል። ምክንያት አለው። የክንዱ ጫፍ እዚያ ላይ በቡሎን አልተጠረቀመም። በጎሚኒ (ድንጋጤ በሚውጥ ላስቲክ) ተይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንሸራተት ይችላል። ካምቢዮውም ሞተሩም በጎሚኒ ላይ ስለተቀመጡ ድንጋጤውን ይውጡታል፣ ድምፁም ወደ ሰው አይገባም። ፋብሪካው ተራ ጎማ ላጠለቀ፣ ሥራ ለሚሄድ ሰው ነው የሠራው፤ ለእሱ ይበቃል። እዚያው አገር ቀጥታ ውድድር የሚገቡት፣ ለስላሳ የውድድር ጎማ አጥልቀው ፍሪሲዮኑን በድንገት የሚለቁት ግን ጅራቱን ሰብረውታል፤ ስለዚህም ክንዱን ከካምቢዮው አውርደው ከመኪናው አካል ጋር በተያያዘ አግዳሚ ብረት ላይ ማሰር ለእነሱ የታወቀ ሥራ ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። ብዙ ሰው «ሞተሬ ስንት ፈረስ ጉልበት ነው» እያለ ይመጣል። እኛ ግን መጀመሪያ የምናየው ጎማውን ነው። ጎማው ተንሸራትቶ መሽከርከር ከጀመረ ክንዱ ላይ የሚደርሰው ጉልበት እዚያው ላይ ይቆማል፣ ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢጮህ አይጨምርም። የኋላ ጎማው ላይ 750 ኪሎ ያረፈበት መኪና ተራ ጎማ አጥልቆ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲነሳ፣ በእኛ ሒሳብ ክንዱ ጫፍ ላይ የሚደርሰው 145 ኪሎ አካባቢ ነው። ጠጠር መንገድ ላይ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ሞተሩን ሳትነኩ ጎማውን ብቻ ብትቀይሩ እንኳ ክንዱ ላይ ሸክም ጨመራችሁ ማለት ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጎማው ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያለ ሲዘል ነው። ያኔ የሚገፋው ነገር ግፊት መሆኑ ይቀርና መዶሻ ይሆናል።

ከፍታችንም የራሱ ድርሻ አለው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። «እኔ ጋ ምንም አልሆነም» የምትሉት አንዳንዶቻችሁ ይኼ ረድቷችኋል። ተርቦ ስታስገቡ ግን የጎደለው አብዛኛው ይመለሳል፣ ክንዱም ያውቀዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ስህተት እንምጣ። ባለፈው ጥቅምት አንድ ወጣት ደንበኛችን ዲኤክሱን ይዞ መጣ። 1.3ቱን ሞተር አውጥቶ ባለ 2 ሊትር ያስገባ ነው፤ ክንዱን የሠራንለት እኛ ነን፣ ካምቢዮው ጅራት ላይ ያሰርነውም እኛ። «ነዳጅ ስሰጥ ኳ ይላል፣ ስለቅም ኳ ይላል» አለን። የጋራዡ መመርመሪያ ጉድጓድ ላይ አቆምነው። ጅራቱ በዘይትና በአቧራ ተለብጦ ነበር። በቤንዚን ባጠብነው ጊዜ ምንም አልታየንም። በጨርቅ ጠርገን አደረቅነውና ትንሽ ጠበቅን። ከቀኝ በኩል ካለው ቡሎን ቀዳዳ ጥግ ተነስቶ፣ ሦስት ጣት የሚያህል፣ ፀጉር የመሰለ መስመር ላይ ዘይት ማላብ ጀመረ። ተሰንጥቋል። ልጁ ቆሞ እያየ ነበር፣ ከእኛም ቃል አልወጣም።

ጥፋቱ ምን እንደነበር ሁለት ቀን ተነጋግረንበታል። ግማሹ፣ ጉልበት ላለው ሞተር ካምቢዮ ላይ ማሰራችን ነው። ግማሹ ደግሞ የክንዱን ጫፍ ያለ ጎሚኒ በቡሎን ጥርቅም ማድረጋችን ነው። ዲፍረንሻሉ የመንገድ ጉድጓድ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል የክንዱ ጫፍ ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድ አለበት። እኛ መሄጃ ከለከልነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ካምቢዮውን እየጎተተና እየገፋ ነበር። ካምቢዮውን በራሳችን ወጪ ቀይረንለታል፣ ክንዱንም እንደገና በአግዳሚ ብረት ሠርተንለታል። እስካሁን ኳ የሚል ነገር አልሰማም።

የዓባይን በረሃ የምትመላለሱ ደግሞ ይህን አንብቡልን። ነዳጅ ስትሰጡ ክንዱ ወደ ላይ ይገፋል፤ ፍሬን ስትይዙ ወይም በማርሽ ስታስቆሙ ተገልብጦ ወደ ታች ይጎትታል። ከደጀን እስከ ድልድዩ ስትወርዱ በየመታጠፊያው ስንት ጊዜ ነው ፍሬን ነክታችሁ እንደገና ነዳጅ የምትሰጡት? ያን ያህል ጊዜ ጅራቱ ወደ ላይና ወደ ታች ይታጠፋል። ብረት ከተወሰነ ልክ በታች የሆነ ሸክም ቢመላለስበት አይደክምም። አልሙኒየም ግን እንደዚያ ያለ ልክ የለውም፤ ትንሹም ሲደጋገም ይቆጠርበታል። ልጁ መኪናውን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ብቻ ቢነዳ ኖሮ ስንጥቁ ዘግይቶ ይመጣ ነበር ብለን እናምናለን።

እንግዲህ አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። ከካምቢዮው ጅራት አጠገብ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሻገር ወፍራም አግዳሚ ብረት እናስገባለን። ዲኤክስ እንደ ፒክአፕ ለብቻው የቆመ ቴላዮ (መኪናውን የሚሸከም የብረት አጽም) ስለሌለው አግዳሚውን ወለሉ ስር ካሉት ቁመት ብረቶች ጋር እናያይዘዋለን፤ ቁመት ብረቱንም ከውስጥ በሳህን ብረት እናጠናክራለን፣ አለዚያ ወለሉ ራሱ ይቀደዳል። የክንዱ ጫፍ በጎሚኒ ተይዞ ይንሸራተታል። ካምቢዮው የራሱ መቀመጫ ጎሚኒ ላይ ነፃ ሆኖ ይቀመጣል። ከላይ ያሉትን ሁለት የዲፍረንሻል መያዣዎች እናወጣቸዋለን፣ ምክንያቱም ከክንዱ ጋር አብረው ከቆዩ ሁለቱ እርስ በርስ ይጣላሉ፣ መኪናው ይደርቃል። የጎን መያዣው ግን ይቆያል። ሥራው ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ዋጋውም ካምቢዮ ላይ ከማሰር ይበልጣል። ድምፅም ትንሽ ይጨምራል፣ ይህን አስቀድመን እንንገራችሁ፤ ከዲፍረንሻሉ የሚመጣው ኡኡታ በጎሚኒ ተጣርቶ የሚያልፈው ያነሰ ስለሆነ ወለሉ ላይ ይሰማል።

«ክንዱን አሳጥሩልኝ፣ አነሳሱ ይጠነክራል» የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው፣ አጭር ክንድ የኋላ ጎማውን መሬት ላይ ይጭነዋል። ግን ርዝመቱ በግማሽ ሲቀንስ ጫፉ ላይ ያለው ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ፍሬን ላይ ነው። ፍሬን ስትይዙ የመኪናውን የኋላ አካል ወደ መሬት ይጎትተዋል፣ ጎማው ቀልሎ መዝለል ይጀምራል። ይህን ቁልቁለት ላይ የምትወስዱት ከሆነ እኛ እጃችንን አናስገባበትም።

ባለ ባሌስትራ ሃይሉክስ ያላችሁ አትድከሙ። ባሌስትራው ራሱ የክንዱን ሥራ ይሠራል። ሲነሳ ባሌስትራው እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ከሆነ መጀመሪያ ቅጠሎቹንና ጎሚኒዎቹን እንይላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው።

ከዚህ ቀደም ክንዱን ካምቢዮ ላይ ያሰርንላችሁ ስድስት መኪኖች ናቸው። ሁላችሁንም እንፈልጋችኋለን። ምርመራው ነፃ ነው፤ ወደ አግዳሚ ብረት መቀየር የሚያስፈልገው ካለ የብረቱን ዋጋ ብቻ ትከፍላላችሁ፣ የእጅ ዋጋ አንጠይቅም። እስክትመጡ ድረስ ጠዋት ሞተር ሳታስነሱ ካምቢዮው ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። አዲስ ዘይት ካለ፣ ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ ኳ የሚል ድምፅ ካለ፣ ወይም የማርሽ መቀየሪያው እጀታ ስትነሱ ከበፊቱ በላይ ከፍ ዝቅ ካለ ወደ ዓባይ አትውረዱ፣ ቀጥታ ወደ እኛ ኑ።

ክረምቱ ሳይገባ ብትመጡ ይሻላል፤ ዝናብ ከጀመረ ጉድጓዱ ውኃ ይይዝብናል። ሰኞና ማክሰኞ ሌላ ሥራ አንይዝም፣ ለእናንተ ትተነዋል።

አክባሪዎቻችሁ፣
የካምቢዮና ዲፍረንሻል ጋራዣችሁ ሠራተኞች፣ ደብረ ማርቆስ