ጊደሯን አይሽጡ

ሐዋሳ፣ ግንቦት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት ጊደሯን ሸጠው ገንዘቡን ሊልኩልኝ እንዳሰቡ በስልክ ሲነግሩኝ እንባ ተናንቆኝ በቅጡ ሳልመልስልዎ ቀረሁ፤ ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ ቀስ ብሎ እንዲያነብልዎ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ። አባባ፣ ጊደሯን አይሽጡ። ለምን እንደምልዎ ከመጀመሪያው ልንገርዎ፤ እንዳይጨነቁ ብዬ የደበቅሁብዎ ብዙ ነገር አለና ይቅር ይበሉኝ።

ከፋብሪካው ስወጣ «ጥፋት አጥፍተሽ ነው ወይ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ጥፋት አልነበረብኝም። እኛ የምንሰፋው ሸሚዝ አጎዋ በሚባለው ሕግ መሠረት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ ነበር። አገራችን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚህ ዕድል ስትወጣ፣ ያው ሸሚዝ ቀረጥ የሚከፈልበት ሆነና ትእዛዙ እየቀነሰ ሄደ። መጀመሪያ የትርፍ ሰዓቱ ሥራ ቀረ፤ በሚያዝያ ደግሞ የእኛን መስመር ሠራተኞች አሰናበቱን።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ቅዱስ ገብርኤል እየሄድሁ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፋብሪካው እንዲመልሰኝ። እንጀራዬ በሌላ በር ሊመጣ ይችላል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁም። የሁለት ወር የቤት ኪራይ ሲጠራቀምብኝ፣ ዘይት አልቆ ሽሮዬን በጨውና በውኃ ብቻ መሥራት ስጀምር፣ ጸሎቴን ተውሁት። እርስዎ ጾም ጸሎት ያስተማሩኝ ልጅ አምላኬን አኩርፌ መተኛቴን ስጽፍልዎ አፍራለሁ፤ ነገር ግን እውነቱ ይኸው ነው።

በግቢያችን እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ አንዲት ባልቴት አሉ። ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ረዳት የሚሹ ይመስለኝ ነበር። አንድ ማታ በሬን አንኳኩተው «ልጄ፣ መጻፍ ትችያለሽ አይደል?» አሉኝና ወደ ማድቤታቸው ወሰዱኝ። የዱቤ ሒሳባቸው ያለው በግድግዳው ላይ ነበር። ለአንዱ ምግብ ቤት ክብ፣ ለሌላው መስቀል፣ ለጎረቤታችን መምህርት የቅርንጫፍ ምልክት በከሰል ተስሎ፣ ከየምልክቱ አጠገብ አምስት አምስት ጭረት ተሰድሯል። ከምጣዱ የሚነሣው እንፋሎት ግድግዳውን እያራሰ ከጭረቱ ብዙውን አጥፍቶታል። ይጽፍላቸው የነበረው ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ገዢው «ከፍያለሁ» ሲላቸው አሜን ብለው ከመቀበል ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። በስልኬ መብራት እያየሁ፣ የጠፋውን እርሳቸው እያስታወሱ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ወደ ደብተር ገለበጥነው።

«የወሰደ»፣ «የከፈለ»፣ «የቀረበት» ብዬ ሦስቱን ዓምድ ሳሰምር፣ አባባ፣ እጄ የእርስዎ እጅ መሆኑን አየሁ። የእድሩ ጸሐፊ ሳሉ መዝገቡን እንዲህ ነበር የሚያሰምሩት። እኔን ከምድጃው ዳር አስቀምጠው በአመድ ላይ በጣቴ ቁጥር ሲያስጽፉኝ፣ ሰባቱ ከተዛነፈ ደምስሰው እንደገና ያስጽፉኝ ነበር፤ «ቁጥር ሲዛነፍ ጎረቤት ይጣላል» እያሉ። ያን ጊዜ ያለቀስሁበት ነገር ሐዋሳ ላይ ከረኀብ አዳነኝ።

ባልቴቷ ለሥራዬ በቀን ሦስት እንጀራ፣ ወጥ በሠሩ ቀንም ወጥ ይሰጡኝ ጀመር። ደብተሩ ሲታይ ያልተከፈለው ተከፈለ፤ ይህንም የሰሙ የጉልት ሴቶች ለዕቁባቸው ጸሐፊ አደረጉኝ። ጥቂት ወራት ካገለገልኋቸው በኋላ አዲሱን ዕቁብ ሲጀምሩ የመጀመሪያውን ያለ ዕጣ እንድወስድ ተስማሙልኝ። በዚያ ገንዘብ ያገለገለ የእግር ስፌት መኪና ገዝቼ የተማሪዎች ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የቤት ኪራዩን ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ አሁን የማንም ዕዳ የለብኝም።

ስለ ነቢዩ ኤልያስ ያነበቡልኝ ታሪክ ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልጠፋም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ ወደ አሞራ ገደል ወርጄ፣ ወጣቶቹ ዓሣ ሲያጸዱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት፣ ቁመታቸው ሕፃን የሚያህል ወፎች ደግሞ የሚጣለውን አንጀት ለመንጠቅ ዙሪያውን ከበው ሲጠብቁ አየሁ። አንዱ ከሌላው አፍ ይነጥቃል እንጂ ለማንም አያካፍልም። ኤልያስን ጠዋትና ማታ የመገበው ቁራም እንዲህ ያለ ወፍ ነው፤ በሙሴ ሕግም ርኩስ ተብሎ የተቈጠረ። ለራሱ ነጥቆ የሚበላ ወፍ እንጀራና ሥጋ ተሸክሞ መጣ። ደግሞም ኤልያስ ይጠጣበት የነበረው ፈፋ ሲደርቅ እግዚአብሔር ውኃውን መልሶ አላፈለቀለትም፤ በሲዶና አገር ወዳለችው ሰራፕታ፣ እፍኝ ዱቄት ብቻ ወደ ቀራት መበለት ላከው እንጂ። እኔ የደረቀው ፈፋ አጠገብ ተቀምጬ «ውኃውን መልስ» እያልሁ ሳለቅስ፣ መበለቷ በግቢዬ ውስጥ ነበሩ።

እንግዲህ እርስዎ ያልላኩልኝ ገንዘብ ያስጨንቅዎታል፤ እኔ ግን የምበላው ከሃያ ዓመት በፊት የሰጡኝን ነው። ያን ቀን ምድጃው ዳር ሲያስተምሩኝ ለዚህ ብለው አልነበረም፤ እግዚአብሔር ግን ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጊደሯ ትውለድ፣ ወተቷን ይጠጡ። ለመነጽርዎ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በወንድሜ የባንክ ሒሳብ አስገብቻለሁና እባክዎ ለሌላ ነገር እንዳያውሉት። ጉልበትዎ ከቻለ ለሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ይምጡ፤ የመኪናውን ወጪ እኔ እችላለሁ። ባልቴቷ በስድሳ ዓመታቸው ፊደል መቁጠር ጀምረዋል፤ ሀ ሁን ጨርሰው ለ ሉ ላይ ደርሰዋል። ሲመጡ የእድሩን አሮጌ መዝገብ ይዘውልኝ ይምጡ፤ ላሳያቸው ቃል ገብቻለሁ።

አክባሪ ልጅዎ