ከቲ-55 ሞዴሌ የጎደሉት ክፍሎች ይላኩልኝ

ለሞዴል መሸጫ ሱቃችሁ፣ አዲስ አበባ
ከጎንደር፣ ማራኪ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ወር ከእናንተ ስለገዛሁት ተገጣጣሚ የቲ-55 ታንክ ሞዴል ነው የምጽፈው። ሁለቴ ደውዬ መፍትሔ ስላጣሁ በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ።

ካርቶኑ የደረሰኝ በስኮች ተለጥፎ ነው። መንገድ ላይ የተቀደደ መስሎኝ ነበር፤ ግን ውስጥ ያለው ከረጢትም ተከፍቷል። ሰንሰለቱ በአንድ ጎን 90፣ በሁለቱም 180 ፍሬ ይፈልጋል። እኔ ጋ የደረሰው 163 ነው። ነጭ ጨርቅ አንጥፌ፣ አሥር አሥር እየደረደርኩ ሦስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። 17 ፍሬ የጎደለው ሰንሰለት ዞሮ አይገጥምም፣ በቃ።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን የሾፌሩ ፔሪስኮፕ፣ ማለትም ከውስጥ ሆኖ ውጭውን የሚያይበት መመልከቻ ነው። ሞዴሉ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ የ100 ሚሊ ሜትሩ መድፍ አፍ እንኳ 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም። እንግዲህ ፔሪስኮፑን አስቡት፣ የምስር ክክ ታክላለች። በወረንጦ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ሙጫውን በመርፌ ጫፍ ነክቼ ነው የማስቀምጣት፤ ካመለጠችኝ ምንጣፉ ውስጥ ገብታ ቀረች ማለት ነው። ሁለት መሆን ነበረባቸው፣ አንዷ የለችም። ወለል ላይ ፈልጌያለሁ፣ ግን ክፍሎቹ ተያይዘው በሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ላይ ቦታዋ ቀድሞውኑ ተቆርጦ ነው የመጣው።

አባቴ ታንከኛ ነበር። ቲ-55 ነድቷል። ማታ ማታ ከጎኔ ተቀምጦ «ሾፌሩ በግራ ነው፣ እኔ እዚህ ነበርኩ» እያለ ያሳየኛል። ዓይኑ ስለደከመ እያንዳንዱን ነገር በጣቱ ጫፍ ይዳስሳል። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። «የሌላኛው መመልከቻስ?» አለኝ። ምን ልበለው?

ሙጫውም የተሳሳተ ነው። ካርቶኑ ላይ የፕላስቲክ ሙጫ ይላል፣ ውስጡ ያለው ሱፐር ግሉ ነው። የፕላስቲክ ሙጫ የሁለቱን ክፍሎች ጠርዝ ትንሽ አሟሙቶ አንድ ያደርጋቸዋል፣ እስኪደርቅም የተጣመመውን ለማቃናት ፋታ ይሰጣል። ሱፐር ግሉ ለናሱ ክፍሎች ጥሩ ነው፣ ለፕላስቲኩ ግን ከነካ በኋላ ማስተካከል የለም። ትነቱ ደግሞ የፊት መብራቱን መስታወት ነጭ አድርጎ አበላሸብኝ።

ስደውል ስልኩን ያነሳው ልጅ «ለእይታ ነው እኮ፣ ትንንሾቹ ቢቀሩ ማን ያየዋል?» አለኝ። አባቴ ያየዋል። እኔም አየዋለሁ። ደግሞ የከፈልኩት ለሙሉው ዕቃ ነው፣ ትልልቁን ብቻ ቢሆንማ ከገበያ መጫወቻ ታንክ እገዛ ነበር።

የምፈልገው ይሄ ነው፦ 17ቱን የሰንሰለት ፍሬዎች፣ ፔሪስኮፑን፣ የመብራቱን መስታወትና ትክክለኛውን ሙጫ ላኩልኝ። በአውቶቡስ ከላካችሁት መናኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ። ትንንሾቹን እባካችሁ በትንሽ ከረጢት አድርጋችሁ እሰሩልኝ፣ ካርቶን ውስጥ ልቅ ሆነው ከመጡ እንደገና ይጠፋሉ። ክፍሎቹ ከሌሏችሁ ገንዘቤን ሙሉውን መልሱ፣ እኔም ሞዴሉን እንዳለ እልካለሁ። ለጥምቀት እህቶቼ ከየቦታው ይመጣሉ፤ አባቴ ታንኩን ሊያሳያቸው ስላሰበ መልሳችሁን በዚህ ሳምንት እጠብቃለሁ። የካርቶኑንና የተቆረጠውን ፍሬም ፎቶ አያይዣለሁ።